እግሩ ላባ የለበሰው ታላቁ ዶሮና የቦሌ ዋልካ

ለቤት የሚገባ ነገር ሁሉ በመልኩ ብቻ ተመርጦ አይገባም። ምንጣፍ እንደ ወለሉ፥ ልብስ እንደ አየሩ፥ በቅሎ እንደ መንገዱ ተመዝኖ ይገዛል። ዶሮ ግን ዋጋዋ ከእነዚህ ያነሰ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ላባዋን አይቶ ብቻ ይገዛታል፤ ወደ ቤቱ ካመጣትም በኋላ ምን ላይ እንደምትቆም፥ የት እንደምታድር፥ በቀን ምን ያህል እንደምትበላ አይመረምርም። ከዚህ የተነሣ በበጋ ደስ ብሎት የገዛትን ዶሮ በክረምት አዝኖ የሚቀብር ሰው ጥቂት አይደለም።

ዛሬ በዚህ ገጽ የምንጽፈው ብራህማ ስለሚባለው ዶሮ ነው። ይህ ዶሮ በአካሉ ትልቅነትና እስከ ጣቱ ድረስ በወረደው የእግሩ ላባ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. አንድ የብራህማ አውራ ዶሮ በኮሶቮ አገር ከቤቱ ጎንበስ ብሎ ሲወጣ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል በዓለም ዙሪያ ተሰራጭቶ፥ ብዙ ተመልካቾች የዶሮ ልብስ የለበሰ ሰው እንጂ ዶሮ አይደለም እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ይህን የመሰለ ሥዕል በእጅ ስልኩ ያየ የቤት ጌታ፥ ወይም ልጆቿ የለመኗት የቤት እመቤት፥ እንዲህ ያለውን ዶሮ በግቢዋ ለማኖር ብትመኝ አያስደንቅም። በተለይም በቦሌ፥ በገርጂ፥ በጎሮ፥ በሰሚትና በቡልቡላ ጥቂት ግቢ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ዶሮ ማርባትን በመልካም ዐይን በሚያይበት በዚህ ጊዜ፥ ምኞቱ ከሥዕል ወደ ግዢ ለመሻገር ሩቅ አይሆንም።

ነገር ግን ከመግዛት በፊት ሦስት ነገር መመርመር ይገባል። ይኸውም አንደኛ የዶሮው ጠባይ፥ ሁለተኛ ዶሮው የሚቆምበት መሬት፥ ሦስተኛ በእጃችን ያለው የአገራችን ዶሮ ዋጋ ነው። እነዚህን በየተራቸው እናስረዳለን።

የዶሮው መልክና ሚዛን

ብራህማ ቁመቱ ረጅም፥ ፍርምባው ሰፊ፥ ጀርባው አጭርና ወደ ጭራው ከፍ የሚል ዶሮ ነው። ራሱ ከአካሉ ጋራ ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ የግምባሩ አጥንት ግን ከዐይኖቹ በላይ ወጣ ስለሚል ፊቱ የተቈጣ ሽማግሌ ይመስላል። በራሱ ላይ የሚቆመው ቀይ ሥጋ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰነጣጠቀ ሳይሆን፥ ዝቅ ብሎ በሦስት ረድፍ የተደረደረ የአተር ፍሬ ይመስላል።

ሚዛኑን በተመለከተ፥ በአሜሪካ አርቢዎች የመለኪያ መጽሐፍ መሠረት የነጩ ብራህማ አውራ 5.4 ኪሎ ግራም፥ ሴቲቱም 4.3 ኪሎ ግራም ገደማ መመዘን አለባቸው። የሐበሻ ሴት ዶሮ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ግራም ስለምትመዝን፥ አንዲት የብራህማ ሴት ዶሮ የእኛን ሦስቱን ያህላለች ማለት ነው።

ቀለሙ በዋናነት ሦስት ነው። የመጀመሪያው አካሉ ነጭ ሆኖ የአንገቱ ላባ መካከሉ ጥቁር ዳርና ዳሩ ነጭ፥ ጭራውም ጥቁር የሆነ ነው። ሁለተኛው ግራጫና ጥቁር ተሰባጥሮ የሚታይበት ሲሆን፥ ሴቲቱን የአገራችን ሰው ቢያያት ገብስማ ብሎ እንደሚጠራት አያጠራጥርም። ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው ሆኖ በነጩ ፋንታ ወርቅማ ቀለም ያለው ነው። ሁለቱ የፊተኞቹ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1874 ዓ.ም. በአሜሪካ መለኪያ መጽሐፍ ሲገቡ፥ ወርቅማው የገባው በ1924 ዓ.ም. ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን እግሩ ነው። ላባው ከባቱ ጀምሮ በእግሩ በውጭ በኩል ወርዶ፥ መካከለኛውንና የውጭውን ጣት ሸፍኖ እስከ ጥፍሩ ይደርሳል። ሲራመድ ቦላሌ የለበሰ ሰው ይመስላል። እንዲህ ያለ እግር ያላቸው ሌሎችም ዘሮች አሉ፤ ከእነርሱም የቻይናዎቹ ኮቺንና ላንግሻን፥ የፈረንሳዩም ፋቬሮል ይገኛሉ። በቁመትና በግርማ ግን ብራህማን የሚበልጠው ጥቂት ነው።

ከወዴት እንደ መጣ

ስሙ ከቲቤት ተነሥቶ በህንድና በባንግላዴሽ ከሚፈሰው ከብራህማፑትራ ወንዝ ስም የተቈረጠ ነው። ደሙ ግን ይበልጡን ከቻይና መምጣቱን አዋቂዎች ይናገራሉ። ቻይና በ1842 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የውጭ አገር ታሪክ ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በናንኪንግ ውል አምስት የባሕር በሮቿን ለእንግሊዝ ንግድ በከፈተች ጊዜ፥ ከሻንጋይ ወደብ የተነሡ መርከቦች ከሻይና ከሐር ጋራ ታላላቅ ዶሮዎችን ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ወሰዱ። እነዚህ የሻንጋይ ዶሮዎች አሁን ባንግላዴሽ በሚባለው አገር ካለው ከቺታጎንግ ከመጡት ጋራ በአሜሪካ ተዳቅለው ብራህማን እንዳስገኙ ይነገራል።

በኅዳር ወር 1849 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ የዶሮ ትርኢት ሲደረግ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ እየተጋፋ ተመለከተ። ከዚያ ወዲህ "የዶሮ ንዳድ" የተባለ የገበያ እብደት ተነሣ፤ ሰው ሁሉ ለአንድ ጥንድ የሩቅ ምሥራቅ ዶሮ ከልክ ያለፈ ገንዘብ ይከፍል ጀመር። ጆርጅ በርናም የተባለ የማሳቹሴትስ ነጋዴ በ1852 ዓ.ም. ዘጠኝ ግራጫ ዶሮዎችን ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ በገጸ በረከትነት ላከ። ንግሥቲቱም በዊንድዞር ዶሮ ታረባ ስለ ነበር ስጦታውን ተቀበለች፤ የዶሮው ስምና ዋጋም ከዚያ ወዲያ ከፍ አለ። ንዳዱ በበረደና ዋጋው በወደቀ ጊዜ ግን ያው በርናም በ1855 ዓ.ም. የዚህን እብደት ታሪክ በቀልድ አድርጎ ጽፎ አሳተመ። ገዢው ከስሮ፥ ሻጩ ግን ከዶሮውም ከመጽሐፉም አተረፈ።

ይህን ታሪክ የምናነሣው ለሣቅ ብቻ አይደለም። ንዳዱ ካለፈ በኋላ ዶሮው በአስተዋይ አርቢዎች እጅ ቀርቶ፥ በአሜሪካ እስከ 1930 ዓ.ም. ገደማ ድረስ ከዋነኞቹ የሥጋ ዶሮዎች አንዱ ነበር። በመጨረሻ ቦታውን የወሰዱት ቶሎ የሚያድጉ ዘሮች ናቸው። እንግዲህ ዶሮው ራሱ መልካም ሆኖ ሳለ ሰዎቹን ያከሰራቸው ጥቅሙን ሳይመዝኑ በመልኩ መሳባቸው ነው።

ላባው በእግሩ ላይ ስለ ምን በቀለ

የዶሮ እግር በተፈጥሮ በቅርፊት የተሸፈነ ነው። ቅርፊቱም ላባውም ከቆዳ የሚበቅሉ ስለ ሆኑ፥ በዕንቍላሉ ውስጥ ጽንሱ ሲሠራ የትኛው በየት እንደሚበቅል የሚወስኑ በደም የሚወረሱ ትእዛዞች አሉ። በቅርብ ዓመታት ሊቃውንት በርግብና በዶሮ ላይ መርምረው እንዳገኙት፥ "እግር ሁን" የሚለው ትእዛዝ ደክሞ፥ በክንፍ ብቻ ሊሠራ የሚገባው "ክንፍ ሁን" የሚለው ትእዛዝ በእግር ላይ ሲነቃ፥ ቅርፊት ይበቅልበት በነበረው ስፍራ ላባ ይበቅላል። ስለዚህ የብራህማ እግር በከፊል የክንፍን ጠባይ ተቀብሏል ማለት ነው። የእግሩ ላባ እንደ ክንፍ ላባ ጠንካራ ሆኖ በውጭ በኩል የሚሰለፈውም ስለዚሁ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፉ፥ እግራቸው ላባ የለበሰ ርግቦች የውጭ ጣቶቻቸው በቆዳ የተያያዙ መሆናቸውን አስቀድሞ ተመልክቶ ነበር፤ ምክንያቱ የተገለጸው ግን ከመቶ አምሳ ዓመት በኋላ ነው።

ከዚህ እውቀት ለገዢ የሚጠቅም አንድ ነገር ይወጣል። ላባ እግር ያለው ዶሮ እግሩ ራቁት ከሆነ ዶሮ ጋራ ሲዳቀል፥ ከጫጩቶቹ ብዙዎቹ በእግራቸው ላይ ጥቂት ላባ ያበቅላሉ። ስለዚህ በእግሩ ላይ ላባ የታየበት ጫጩት ሁሉ ንጹሕ ብራህማ አይደለም። የሚገዛ ሰው የመካከለኛው ጣት በላባ መሸፈኑን፥ የራሱ ቀይ ሥጋ በሦስት ረድፍ መሆኑን፥ ግምባሩ ከዐይኑ በላይ መውጣቱን ይመርምር፤ ከተቻለም የወላጆቹን ሚዛን ይጠይቅ።

ጠባዩና ጥቅሙ

ብራህማ ትዕግሥተኛና ለሰው ቶሎ የሚለምድ ዶሮ ነው። ልጆች ቢይዙት አይቈጣም፤ ከባድ ስለ ሆነም አይበርም፤ አንድ ሜትር የሚሆን አጥር ይበቃዋል። የጎረቤትን ጎመን ዘሎ ገብቶ የሚጭር ዶሮ ስንት ወዳጅነት እንዳፈረሰ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብርድንም ይችላል፤ ላባው ጥቅጥቅ ያለ፥ የራሱም ሥጋ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ውርጭ አይጎዳውም። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ሌሎች ዶሮዎች እንቍላል በሚያቋርጡበት የብርድ ወራት መጣሉን ስለማይተው ነው።

በሌላ በኩል ብራህማ የማይቸኩል ዶሮ ነው። ቄቧ መጣል የምትጀምረው ብዙውን ጊዜ ሰባት ወር ከሆናት በኋላ ነው፤ አውራውም ሙሉ አካሉን የሚይዘው ከዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በዓመት የምትጥለው ቡናማ እንቍላል 150 ገደማ ነው። ይህ ቍጥር የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቍላል እጅግ ይበልጣል፤ ለእንቍላል ብቻ የተዘጋጁት የዛሬዎቹ ዶሮዎች ከሚሰጡት ከ300 የሚጠጋ እንቍላል ግን በግማሽ ያንሳል። የእንቍላል ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ስትበላ፥ ይህች ከባድ ዶሮ ከዚያ የበለጠ ትፈልጋለች፤ የሐበሻ ዶሮ ግን እራስዋ ጭራ የምታገኘው ብዙ ነው። በቆሎ፥ ፉርሽካና ፋጉሎ በውድ በሚገዙበት ከተማ፥ ሰባት ወር ያለ እንቍላል የሚቀለብ ዶሮ ለቤት ወጪ ምን ማለት እንደ ሆነ እመቤቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ማቀፍንም በተመለከተ ብራህማ ለ21 ቀን በትዕግሥት ትታቀፋለች። ነገር ግን ክብደቷ ስስ ቅርፊት ያለውን እንቍላል ሊሰብር፥ የእግሯም ላባ እንቍላሉን ከጎጆው ጎትቶ ሊያወጣ ስለሚችል፥ ጎጆዋ ሰፊና ጠርዙ ዝቅ ያለ መሆን ይገባዋል።

የቦሌ አየርና የቦሌ መሬት

እንግዲህ ይህ ዶሮ በቦሌ ቢመጣ ምን ይሆናል? የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። የቀኑ ሙቀት አያቃጥልም፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል። ይህ ሁሉ ለብራህማ የተስማማ ነው፤ ይልቁንም ከቈላ ሙቀት ይልቅ የደጋ ብርድ ይሻለዋል። ስለዚህ አየሩ ተስማምቶታል።

መሬቱ ግን አይስማማውም። በቦሌና ከዚያ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ በሚዘረጋው ሜዳ አብዛኛው አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ውሃውን ይዞ አለቅም ይላል፤ ከጫማ ጋራ የተጣበቀውም በቢላዋ ተፍቆ እንጂ ተራግፎ አይወርድም። ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ግንበኞች ጥቁሩን አፈር ቈፍረው አውጥተው ገረጋንቲ ካልሞሉበት በቀር መሠረት አይጥሉበትም።

እግሩ ራቁት የሆነ ዶሮ በዚህ ጭቃ ቢሄድ ጭቃው ሲደርቅ ይረግፍለታል። ላባ በለበሰ እግር ላይ ግን ዋልካው ከላባው ጋራ ተቦክቶ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ በጣቶቹ መካከል ኳስ ሠርቶ ጥፍሩን ያጣምማል። ገና በመብቀል ላይ ያለ ላባ በውስጡ ደም ስላለው በጭቃው ተጎትቶ ሲሰበር ይደማል፤ ደሙን ያዩ ሌሎች ዶሮዎችም ይነቁሩታል። ከዚህም በላይ በእግር ቅርፊት ሥር ገብታ የምትኖር፥ በዐይን የማትታይ ጥቃቅን ተባይ አለች። እርስዋ የገባችበት እግር ቅርፊቱ ተነሥቶ ነጭ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ካልታከመም ዶሮው ያነክሳል። በራቁት እግር ላይ ይህ ቶሎ ይታያል፤ በብራህማ ግን ላባው ስለሚሸፍነው ባለቤቱ የሚያየው ነገሩ ከከፋ በኋላ ነው።

ስለዚህ ለቦሌ ሰው ጕዳዩ በአንድ ቃል ሲነገር እንዲህ ነው፤ ደረቅ ወለል ያለው ብራህማን ያኑር፤ ደረቅ ወለል የሌለው አያኑር።

የሚኖርበት ቤት

ቤቱን ለመሥራት የወሰነ ሰው ከሚከተለው ምክር ይጠቀማል።

መጀመሪያ የዶሮው ቤት ወለል እንደ ሰው ቤት መሠረት ጥቁሩ አፈር ተነሥቶለት በገረጋንቲ ይሞላ፤ ከግቢው መሬትም ቢያንስ አንድ ክንድ የሚያህል ከፍ ይበል። በላዩ ላይ የጤፍ ጭድ ወይም ሰጋቱራ አንድ ስንዝር ያህል ይነጠፍ፤ በየሳምንቱ ይገላበጥ፤ የረጠበው ወዲያው ይነሣ። ለአንድ ዶሮ ከቤቱ ውስጥ ግማሽ ካሬ ሜትር ይበቃል፤ ጣራውም ከግድግዳው ወጣ ብሎ ፍሳሹን ያርቅ።

ቆጡ ለሐበሻ ዶሮ እንደሚደረገው ከፍ ብሎ አይሠራ። ከባድ ዶሮ ከከፍታ ሲዘል መዳፉ ቈስሎ ያብጣል፤ ስለዚህ ከወለሉ ከ40 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፥ ወፍራምና ለስላሳ እንጨት ይሁንለት። የሚጠጣበት ዕቃ በጡብ ላይ ይቀመጥ፤ ከሥሩ ውሃ ሲፈስ ጭዱን ያረጥባልና። በአንድ ጥግ አመድና ደረቅ አሸዋ የተቀላቀለበት ሣጥን ይዘጋጅ፤ ዶሮ በአቧራ ካልታጠበ ቅማል ይበዛበታል። በሌሊት በሩ ይዘጋ፤ ሸለመጥማጥ ዶሮው የውጭ አገር ነው ብሎ አይምርም።

በሳምንት አንድ ጊዜ እግሩ በእጅ ተይዞ ላባው እየተገለጠ ይታይ። ጭቃ የያዘ እንደ ሆነ በለብታ ውሃ ተለስልሶ ይታጠብ እንጂ አይጎተት፤ ከዚያም በደንብ ይድረቅ። ቅርፊቱ ተነሥቶ ከተገኘ በምግብ ዘይት ወይም በቫዝሊን በየጥቂት ቀኑ ይታሽ፤ ተባይዋ ትንፋሽ አጥታ ትሞታለች፤ ቆጡም ይጠረግ። የማይሻለው ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ዶሮው ወደ ግቢው ጭቃ ከሚወጣ ጣራ ባለው ደረቅ ስፍራ ቢቀመጥ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ፈንግል አይረሳ። ይህ በሽታ አንድ ሰፈር ሲገባ የዶሮ ቤትን በጥቂት ቀን ባዶ ያደርጋል፤ የመጣ እንደ ሆነም መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱ በአገራችን በቢሾፍቱ ስለሚሠራ ለማግኘት አያስቸግርም። ከገበያ የመጣ አዲስ ዶሮም ከቤቱ ዶሮዎች ጋራ ወዲያው አይቀላቀል፤ ሦስት ሳምንት ለብቻው ሆኖ ይታይ። የውጭ አገር እንቍላል ወይም ጫጩት በሻንጣ ተደብቆ ቢገባ በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላልና፥ በሕግ የታዘዘው የጤና ማስረጃ የሌለው ዶሮ አይገዛ።

የአገራችን ዶሮ

አሁን ወደ ሦስተኛው ነገር እንመጣለን። ብራህማ ጥንታዊ ዘር ነው ተብሎ ሲወደስ፥ ዕድሜው ከመቶ ሰማንያ ዓመት አይበልጥም። በምሥራቅ ትግራይ መዝብር በተባለ ስፍራ ቍፋሮ ያደረጉ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ800 ዓመት ገደማ የነበረ የዶሮ አጥንት አግኝተዋል፤ ይህም በአፍሪካ ከተገኙት የዶሮ አጥንቶች ሁሉ ከቀደምቶቹ የሚቈጠር ነው። እንግዲህ በግቢያችን የምትጭረው ዶሮ ከአክሱም ሐውልቶች የሚቀድም የዘር ሐረግ ሊኖራት ይችላል።

በ2013 ዓ.ም. በተደረገው የግብርና ናሙና ጥናት የአገራችን ዶሮ ቍጥር ወደ 57 ሚሊዮን ሲገመት፥ ከ10 ዶሮ ወደ 8 የሚጠጉት የአገር ዘር ነበሩ። ሆሮ፥ ጃርሶ፥ ጢሊሊ፥ ፋርጣ፥ ኮንሶ፥ መንዱራ እየተባሉ በየአገራቸው የሚጠሩ፥ በሚዛንም በቀለምም የሚለያዩ ዘሮች አሉን። ብራህማ የሚመሰገንበት ዝቅ ያለው የራስ ሥጋም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከዶሮዎቻችን ብዙዎቹ ይህንኑ የአተር ፍሬ መልክ ያለውን ሥጋ ይዘው ይገኛሉ። ገበሬዎቻችን ነጠላና ድምድማ እያሉ ይለያሉ፤ በበዓል ዋዜማ ገበያም ድምድማው አውራ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ቀይ፥ ነጭና ገብስማ ይመረጣል፤ ጥቁሩ ይቀራል። በሾላ ገበያ ፍርምባውን በእጅ መዝነው፥ ላባውን በትንፋሽ ገልጠው የሚገዙ እናቶች ከማንኛውም መለኪያ መጽሐፍ የማያንስ እውቀት አላቸው። ዶሮ ወጥን በተመለከተም፥ በ12 ብልት የሚወጣውን የሐበሻ ዶሮ ሥጋ የሚያስንቅ ገና አልመጣም።

በጉልበት ያነሰው ነገር ቢኖር እንቍላሉ ነው። ይህንንም ለማሻሻል ከ1950ዎቹ ጀምሮ በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል ሮድ አይላንድ ሬድ፥ ነጭ ሌግሆርን፥ ኒው ሃምፕሻየርና አውስትራሎርፕ ወደ አገራችን ገብተዋል። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ሮድ አይላንድ ሬድ ከሻንጋይ ዶሮዎች ደም አለበት፤ አውስትራሎርፕም በአያቱ በኩል እግሩ ላባ ከለበሰው ከላንግሻን ይወለዳል። ነገር ግን ሁለቱም እግራቸው ራቁት ነው። አስተዋዮቹ አርቢዎች ከታላላቆቹ የምሥራቅ ዶሮዎች አካሉንና ቡናማውን እንቍላል ወስደው፥ ለጭቃ የማይመቸውን ላባ በምርጫ አስቀርተውታል። የብራህማ ዘመዶች ጥቅም እንግዲህ ያለ ቦላሌው ከገባልን ሰንብቷል።

ከዚህም የሚበልጥ ሥራ በቢሾፍቱ የግብርና ምርምር ማዕከል ተሠርቷል። በ2008 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከወለጋ የመጣውን የሆሮ ዶሮ በትውልድ በትውልድ እየመረጡ ማርባት ተጀምሮ፥ ሌላ ደም ሳይቀላቀልበት እንቍላሉም ሚዛኑም እየጨመረ፥ ሞቱም እየቀነሰ ሄዷል። ለብራህማ አሜሪካውያን በሠላሳ ዓመት ያደረጉትን፥ የእኛ ተመራማሪዎች ለራሳችን ዶሮ ጀምረውታል።

ዘርን ስለ መደባለቅ

በዚህ ላይ አንድ አደጋ መናገር ግድ ይሆናል። አንድ የብራህማ አውራ በሰፈር ከተለቀቀ፥ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሰፈሩ ጫጩት ሁሉ ጥቂት ጥቂት ላባ በእግሩ ያበቅላል፤ ሁሉም ከባድ፥ ሁሉም ዘግይቶ የሚደርስ፥ ሁሉም ብዙ የሚበላ መሆን ይጀምራል። ለማቀፍ የምትመቸው፥ ከጭልፊት የምትሸሸው፥ የወደቀ ጥሬ ለቅማ የምታድረው የሐበሻ ዶሮ ጠባይዋ ይጠፋል። የጠፋ የዶሮ ዘር ደግሞ እንደ ጠፋ ገንዘብ ተሠርቶ አይመለስም። አባቶቻችን "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ስለዚህ ብራህማን የሚያኖር ሰው አውራውን በአጥር ያግደው፤ ጫጩቶቹን ሲሸጥም ንጹሕ የሆነውንና የተዳቀለውን ለይቶ ለገዢው ይናገር። ለጌጥ የሚኖር ዶሮ በጌጥነቱ፥ ለእንቍላል የሚኖረው በእንቍላሉ፥ የአገር ዘርም በአገር ዘርነቱ ቢያዝ ሦስቱም ይጠቅማሉ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ከተቀላቀሉ ግን አንዱም በቅጡ አይገኝም።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው ሥራ ከተጀመረ ወዲህ በከተማም ዶሮ ማርባት እንደ ቁም ነገር ተቈጥሯል። ቤተሰብ በዚህ ሥራ ሊጠቀም የሚችለው ግን ዘሩን ከዓላማው፥ ዶሮውን ከወለሉ ጋራ ሲያስማማ ነው። ልጆች በየማለዳው እንቍላል እንዲበሉ የሚሻ ቤት ለዚሁ የተዘጋጁትን የእንቍላል ዶሮዎች ይግዛ። መኖ ለመግዛት አቅም የሌለው፥ ግቢው ግን ሰፊ የሆነለት የሐበሻን ዶሮ ወይም የተሻሻለውን ሆሮ ይያዝ። ደረቅ ቤት የሠራ፥ ጊዜና መኖ የተረፈው፥ ለልጆቹም የዋህ ወዳጅ የሚፈልግ ሰው ብራህማን ቢያኖር መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰኔ ሳይገባ ገረጋንቲውን ያስገባ፤ ዶሮውን የሚገዛውም ከዚያ በኋላ ይሁን።